ናፍቆት መግቢያ አይከፍልም

እኔ የምለው፣ ይቺ «የድሮ ሙዚቃ ቀረ!» የምትባል ነገር አልበዛችም? ታክሲ ውስጥ እሷ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር እሷ፣ ሠርግ ላይ እሷ፣ ሬዲዮ ሲከፈት እሷ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «አይ የኛ ጊዜ!» ይላል። ከጎኑ ያለው «አይይ!» ብሎ ራሱን ይወዘውዛል። ሦስተኛው ደግሞ «አሁንማ ምን ሙዚቃ አለና…» ብሎ ይዘጋዋል። በቃ፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ! ተቃውሞ የለ፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለ።

እንግዲህ ዛሬ እኔ ልቃወም ነው።

አደራ፣ የድሮውን እጠላለሁ አላልኩም። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ የማይገባው ጆሮ ካለ ሐኪም ይየው። ጠቤ ከሙዚቃው አይደለም፤ ከናፋቂው ነው። ናፋቂው ስለ ሙዚቃ የሚያወራውን ሩብ ያህል እንኳ ለሙዚቃ አያወጣም፤ ገንዘብም፣ ጊዜም፣ ጆሮም። ቀብር ላይ ደረቱን እየደቃ በሕይወት ያለውን ዘመዱን የማይጠይቅ ሰው አታውቁም? እሱን ነው የምላችሁ።

በቀደም አንድ የሰፈራችንን ትልቅ ሰው አገኘሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ግን ልጆቻቸው ውጭ ስላሉ ደህና ይኖራሉ። እንደ ልማዳቸው «ልጄ፣ ድሮ እኮ ሙዚቃ ነበረ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬም አለ እኮ» አልኳቸው። «ሐሙስ ማታ እዚሁ ቅርብ አንድ ቤት የጃዝ ባንድ ይጫወታል። ሳክስፎን አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለ። ከኮምፒዩተር የሚወጣ አንዲት ድምፅ የለችም። ልውሰድዎ?»

«መግቢያው ስንት ነው?»

ነገርኳቸው።

«ለሙዚቃ?!» አሉ።

ልብ አድርጉልኝ፤ «ለሙዚቃ?!» ያሉት እኚሁ «ሙዚቃ ቀረ» እያሉ ሃያ ዓመት ያለቀሱት ሰው ናቸው። ኑሮው ከብዷቸው ነው እንዳትሉኝ፣ የዚያን ዕለት የጋበዙኝ ክትፎ የባንዱን መግቢያ ሦስት እጥፍ ያወጣል። ክትፎው ግሩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነገሩ ገባችሁ? ለሥጋ ሲሆን የዛሬ ዋጋ እንከፍላለን፣ ለሙዚቃ ሲሆን የድሮ ዋጋ እንፈልጋለን።

እስቲ ስለዚያ «ወርቃማ ዘመን» እናውራ፣ እሺ? ብዙዎቻችን በሐሳባችን የምንስለው፣ አንድ የተባረከ ትውልድ ጎፈሬውን እንዳጎፈረ ከሰማይ ዱብ ብሎ መዝፈን ጀመረ ብለን ነው። እንደዚያ አይደለም። ደሞዝ ነበረ! ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ጦር ሠራዊት ነበረው፣ ማዘጋጃ ቤት ነበረው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ነበረው። ትራምፔት ነፊው በወር በወሩ ይከፈለዋል፤ ልምምድ ሰዓት አለው፤ ቢቀር ተጠያቂ ነው። ጥላሁን ክብር ዘበኛ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴ ፖሊስ ኦርኬስትራ ነበር። አስተማሪም ነበረ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ ሰልፍ ለማሳመር ብቻ አልመጡም። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትሩ ኦርኬስትራ ስንቱን ሙዚቀኛ ኖታ አስቆጠረ፣ ስንቱን ዘፈን አቀናበረ!

እና «ወርቁ» የወጣው ከዚህ ነው። ከደሞዝ፣ ከልምምድ፣ ከአስተማሪ፣ ከየሌሊቱ ሥራ። ቀን ለመንግሥት ነፍቶ ማታ ለክለብ የሚነፋ ሰው በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት መሣሪያ እንደሚጨብጥ አስሉት። ዛሬ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ባለቤቱ ደስ ካለው፣ መድረክ የሚያገኘውን ልጅ «እንደ ድሮዎቹ አይደለህም» ማለት ዝናብ ከልክሎ «ምነው አልበቀልክ?» ብሎ ገብስን መቆጣት ነው።

ደግሞስ ያኔ ዘፋኝ በክብር ምንጣፍ የሚሄድ ይመስላችኋል? «አዝማሪ» እኮ ስድብ ነበር! ዛሬ «አይ የኛ ጊዜ» የሚለው ሰውዬ አባት፣ ልጃቸው ዘፋኝ ልሁን ቢላቸው ቀበቶ ነበር የሚፈቱት። ዓለማየሁ እሸቴን ዛሬ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ስንለው ሙገሳ ነው። ያኔ ግን እንደዚያ መድረክ ላይ የሚወራጭ ወጣት ለስንቱ አባወራ የዘመን መጨረሻ ምልክት ነበር። «ባህላችን ጠፋ፣ የፈረንጅ ጩኸት ሆነ» የሚለው እሮሮ ዛሬ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የሚናፈቀው ዘፈን ራሱ ትናንት ያንኑ እሮሮ ጠጥቷል።

ሌላም አለ። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ሰው ተነሳ። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ዓለማየሁን አስቀረጸ፤ ሸክላውንም ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። የሚናፈቀው ሸክላ የተወለደው እንዲህ፣ ደንብ ጥሶ፣ በራሱ ኪስ ተወራርዶ ነው። ከዚያ እስከ 1970 ድረስ ባሉት ዓመታት አምኃም ሌሎቹም ያሳተሙት ሲደማመር ወደ 500 የሚጠጉ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 30 ገደማ ኤልፒዎች ነው ይባላል። በጥቂቱ ሺህ ዘፈን በሉት። እስቲ ናፋቂያችን ስንቱን ይዘርዝርልኝ? ሠላሳ? ጎበዝ ከሆነ ስልሳ? የቀረው የት ገባ? የትም አልገባ፤ ብዙው ተራ ስለነበረ ተረሳ። ጊዜ አበጥሮ ምርቱን አስቀረልን፣ ገለባውን ነፋስ ወሰደው። የኛ ሰው ታዲያ የትናንትን ምርት በአንድ እጁ፣ የዛሬን ያልተበጠረ አውድማ በሌላ እጁ ይዞ «አያችሁ ልዩነቱን?» ይለናል። አየን!

እሺ፣ ያ ሁሉ ለምን ቆመ? እዚህ ላይ ነው የናፋቂው ታሪክ የሚያበሳጨኝ። «የዘመኑ ልጆች አበላሹት» ይላል። የዘመኑ ልጆች እኮ ያኔ አልተወለዱም ጌታዬ!

በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሰጡት። ያን ጊዜ አብሮ ሲያስተናግደው የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ የካቲት መጣ። ቀጥሎ ደርግ፣ ቀጥሎ ሰዓት እላፊ። እስቲ አስቡት፤ የሌሊት ክለብ ሌሊት ካልተከፈተ ምኑን ክለብ ሆነ? ከባንዶቹ የተረፉት ሰው ቆልፈው የሚያሳድሩ ትላልቅ ሆቴሎች የያዟቸው ናቸው። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ሰዉ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። አምኃ አገር ጥሎ ወጣ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደና ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ላይ ተራውን እስኪደርስ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ በየነም እዚያው ቀርቶ ለረጅም ዘመን ከመድረክ ጠፋ።

በነገራችን ላይ ግርማ በየነ ካልኩ አይቀር፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የማያውቅ አለ? ዜማው ሲጀምር ሁላችንም ትከሻችን ይነቃል። የደረሰው ማነው ብላችሁ አሥር ናፋቂ ጠይቁ። ዘጠኙ «ዋልያስ ነዋ!» ይሏችኋል። የግርማ በየነ ነው! ሰውዬው ሕያው እያለ፣ አገሩ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም እስከማውጣት ደርሶ፣ «የድሮ ዘፈን ሰዓት» የሚሉት ፕሮግራሞቻችን ዛሬም የአቀናባሪ ስም መጥራት ይከብዳቸዋል። «ከድምፃዊ እገሌ» ይባላል፣ ያልቃል። ሳክስፎኑን ማን ነፋ? ቅንብሩ የማን ነው? ጊታሩስ? ምን አገባን! «ናፈቀኝ» የምትለውን ሰው ስሙን እንኳ አታውቀውም?

አንድ ናፍቆት አለ፣ እሱን አልነካም። አንዳንዱ ሰው ያ ዘፈን ሲጀምር የሚታየው ዘፋኙ አይደለም። ወንድሙ ነው፤ በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ የቀረው። ወይ አብራው የደነሰችው፣ ሱዳን ገባች ተብሎ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ የጠፋው ልጅ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አይቼዋለሁ። ጥግ ይቀመጣል፣ ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ ባንዱ ትዝታ ሲይዝ ዓይኑን ይጨፍናል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውዬ «የዛሬ ልጆች ሙዚቃ አያውቁም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንዲያውም ሲወጣ የሳክስፎን ተጫዋቹን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ነው የሚሄደው። የሚጮኸው ያኛው ነው። ያኛው የናፈቀው ወጣትነቱን ነው፤ የሚከሰው ግን ድራመሩን።

አሁን ወደ ጃዙ ልምጣ። የምር ልንገራችሁ፤ ቀጥታ የሚሠራ የጃዝ ባንድ ፊት ተቀምጦ መስማት ሌላ ነገር ነው። ድራመሩ ችክችካውን ይጀምራል፤ ያችን ሠርግ ቤት የምናውቃትን ስድስት ምት። ቤዙ ገባ ይልና መሬቱን ይይዛል። ኪቦርዱ ከኋላ ቀስ እያለ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ሳክስፎኑ አንድ የምናውቀውን የአንቺ ሆዬ ዜማ ያነሳል። «አወቅኩት!» ስትሉ ይሸሻችኋል። ቆላ ይወርዳል፣ ደጋ ይወጣል፣ «ይሄ ሰውዬ ጠፋ በቃ» ስትሉ በማታውቁት በር ተመልሶ ይመጣል፤ ድራመሩም እንደ ቀጠሮ እዚያው ጋ ይጠብቀዋል። ተያይተው ይስቃሉ። እሱ የሳቁበት ነገር እዚያው ተወልዶ እዚያው አለቀ። በስልካችሁ ብትቀርጹት እንኳ የቀረጻችሁት ሬሳውን ነው።

ይሄ ደግሞ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲነፋ፣ ያ መሣሪያ ቤልጅግ መሠራቱን ረስቶ ጎራዴ የታጠቀ ነበር የሚመስለው። ሙላቱ የጅማ ልጅ ነው፤ ዌልስ፣ ለንደን፣ ቦስተን ተምሮ የኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል፣ ከፈረንጁ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር አጋባቸው። ጋብቻው ቀላል አይደለም። ብዙ ድምፅ ከደረብክበት ቅኝቱ ይጠፋል፣ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል፤ ከሳሳህበት ደግሞ ጃዝነቱ ይቀራል። በዚያች ጠባብ መንገድ መሄድ ነው ሥራው። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ነው። ሰውዬው ሰማንያውን አልፎ እ.ኤ.አ. በ2025 ምን አደረገ? የገዛ አሮጌ ሥራዎቹን አዲስ አድርጎ አቀናብሮ አልበም አወጣ። እንደነበሩ አልደገማቸውም፤ አፍርሶ ሠራቸው።

የኛ ናፋቂ ግን ክለብ ከገባም (ከገባ ነው እንግዲህ!) ምን ይላል? «እንደ ካሴቱ ተጫወቱልን!» ይላል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ስንት ሙዚቀኛ እንደገደለች በተቆጠረ! ሰውዬ፣ እንደ ካሴቱ ከፈለግክ ካሴቱ አለልህ እኮ። ከሰው ደምና ትንፋሽ ያለው ነገር ፊት ተቀምጠህ «ማሽን ሁንልኝ» ትላለህ፤ ነገ ደግሞ ታክሲ ውስጥ «የዛሬ ሙዚቃ ማሽን ሆነ» ትላለህ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ያየሁትን ላውጋችሁ። በር ላይ «ላይቭ ጃዝ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ። ገባሁ። አምስት ልጆች፣ ሁሉም ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ መድረኩ ላይ። ከባሩ በላይ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስቱም ላይ የእንግሊዝ ኳስ። ድምፁ ተቀንሷል፣ ለባንዱ ክብር ሲባል መሆኑ ነው። ልጁ የቤዝ ሶሎ ጀመረ። ሶሎ ማለት ሌላው ሁሉ ዝም ብሎለት ብቻውን የሚናገርባት ሰዓት ናት፤ ያቺን ሁለት ደቂቃ ለማግኘት ስንት ዓመት ጣቱ አብጧል። መሐል ላይ ስትደርስ «ጎኦኦኦል!» ቤቱ ተነሳ። አንዱማ ብርጭቆ ሰበረ። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፈገግ አለና የጩኸቱን ዜማ በቤዙ መልሶ ተጫወተው። ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ አንደኛው እኔ ነኝ። ሌላኛዋ ፈረንጅ ናት። ከአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ስለ ምን ያወሩ ጀመር መሰላችሁ? ስለ ድሮ ሙዚቃ! እግዜርን!

ፈረንጅዋን የጠራኋት በከንቱ አይደለም። የማሕሙድ አህመድ «ኤረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 አውሮፓ ሲታተም እኛ ምን ላይ ነበርን? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ የነዚያን ሸክላዎች ስብስብ በተከታታይ ባያወጣ፣ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ሙላቱን ባያስገባ፣ ሆላንዶቹ ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ባይሠሩ፣ የኛ ናፋቂ ዛሬ የሚናፍቀውን ነገር ስም ያውቀው ነበር? ፈረንጅ ሲያደንቀው ነው «የኛ እኮ ነው!» ያልነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ያለቀስነውን ያህል ቀደም ባሉት ዓመታት ሲነፋ ብንሄድለት ኖሮ…

ቤቶቹስ? ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝአምባ የሚባል ነበር። ግሩም መዝሙርና ጓደኞቹ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የነ አየለ ማሞን ማንዶሊን ይዘው፣ የአባቶቻችንን ዘመን ዘፈኖች አቧራ አራግፈው እንደ አዲስ ያሰሙን ነበር። የድሮውን መውደድ እንዲህ ነው! ማንዶሊን ከነባለቤቱ መድረክ ላይ አምጥቶ፣ ከወጣት ጋር አቀላቅሎ። በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ተቃጠለና ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። በዚያ ሳምንት ፌስቡክ ላይ የተለቀሰውን ለቅሶ አየሁና «ይሄ ሁሉ ሰው ሲሠራ መጥቶ ቢሆን ጣራው ይበቃው ነበር?» አልኩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ ከዚያ ቦታ ተነሣ። መላኩ በላይ ጨፍሮ ባገኘው ገንዘብ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው፣ ማሲንቆውም ጃዙም ሥዕሉም በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት ቤት ነበር። ያን ጊዜም እንደዚሁ ተለቀሰ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

ሰፈሩ ሲፈርስ ምን በዛ መሰላችሁ? ፎቶው! ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ግድግዳው ላይ የድሮ ፒያሳን በጥቁርና ነጭ ያልሰቀለ ሬስቶራንት ብርቅ ሆኗል። አሮጌ ግራማፎን ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አይሠራም፤ ጌጥ ነው። የጥላሁን ምስል መጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ባለቤቱን «ባንድ ለምን አትቀጥርም?» በሉት። «ወጪ ነው» ይላችኋል። ፍሬሙ ወጪ አይደለም? መብራቱ ወጪ አይደለም? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል የሰማነው ለቀልድ ነበር፤ እነሱ ላሚቷን ፍሬም ውስጥ ከተው ወተቱን ከሱፐርማርኬት ይገዛሉ።

«ኑሮ ተወደደ እኮ፣ ለሙዚቃ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ አለ። ትክክል። የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ያጎበጠውን ሰው መግቢያ ክፈል አልልም፤ ነውር ነው። እኔ የማወራው ከዚያች ሐሙስ ማታ ክለብ ሁለት በር አልፎ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ስለሚያወርደው ሰው ነው። እሱ ሰውዬ የድሮ ዘፈን ሲሰማ እንኳ የሚሰማው ሺህ ዘፈን በአንድ ፍላሽ አስገልብጦ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለናፋቂ ግን አዋጁ አይሠራም መሰለኝ፤ ፍቅር ነዋ!

«ጃዝ አይገባኝም» የሚልም አለ። ምኑ ነው የማይገባው? ቅኔ ባይገባንም ማሕሌት ቆመን አናድርም እንዴ? አዝማሪው ከፊታችሁ ቆሞ ስለ መነጽራችሁ እዚያው ሲገጥም ገብቶን ነው የምንስቀው። ጃዝም ያው ነው፤ እዚያው ፈጥሮ እዚያው መጣል። አያታችሁ ያውቁት ነበር፣ ስሙን ብቻ ነው ያላወቁት።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገራችሁ። እነዚያ የምትናፍቋቸው ሰዎች በሃያ ምናምን ዓመታቸው ምሽት ላይ መሣሪያቸውን ተሸክመው ሲወጡ የሚሰማቸው ሰው ነበር፣ ቦታ ነበር፣ ገንዘብ የሚከፍል ነበር። ዛሬ በሃያ ምናምን ዓመታቸው ከያሬድ ትምህርት ቤት የሚወጡ፣ ወይም ቤታቸው ተዘግተው ራሳቸውን ያስተማሩ ልጆች መሣሪያቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። ሰሚ ካላገኙ አንዱ ሠርግ ቤት ብቻውን ኪቦርድ ይጫናል፣ አንዱ ቪዛ ይፈልጋል፣ አንዱ ሳክስፎኑን ይሸጣል። የተሸጠ ሳክስፎን አይቻለሁ። ገዢው ቡና ቤት ነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሐሙስ ውጡ። መግቢያውን ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ የቀራጩን በር ጠባቂ «ታውቀኛለህ?» አትበሉት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ቤዙ ብቻውን ሲጫወት የመሬት ሽያጭ ወሬያችሁን ለሁለት ደቂቃ አቆዩልን፤ መሬቱ አይሄድም። «እንደ ካሴቱ» አትበሉ። ሲጨርሱ ስማቸውን ጠይቁ፣ ጻፉትም። ወንበር ይጠፋል ብላችሁ ደግሞ አትስጉ። ባለፈው ሳምንት ስወጣ የፊተኛው ረድፍ እንዳለ ባዶ ነበር።